አሥራ አራተኛው ፋይል

ዓርብ ጠዋት እማማ የሺሀረግ በእስራኤል አገር የቂርያት ጋትን ፖሊስ ጣቢያ፣ የሚሽታራውን በር ገፍተው ገቡ። ማንንም ሰላም ሳይሉ መርማሪ አስናቁ ጠረጴዛ ፊት ቆሙ።

«ልጄ ራሱን አልገደለም» አሉ። «ከአጥሩ ሥር ሊቀብሩብኝ ነው። አንቺ ከሰው አልተወለድሽም?»

አስናቁ ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችላቸው። ልጃቸው ታደገ ትናንት ከሚሠራበት ማተሚያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ወድቆ ሞቷል። ኮምፒውተሩ ውስጥ «መኖር ደከመኝ፤ እናቴን አደራ» የሚል ደብዳቤ ተገኘ፤ አማርኛው በትንንሽ የእንግሊዝ ፊደላት የተጻፈ። አለቃዋ ዮሲ ለዚህ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ራሱን ገደለ ብሎ ዘጋው። ቀብሩ ሻባት፣ ሰንበቱ፣ ሳይገባ ለስምንት ሰዓት ተቀጥሯል፤ ያውም ራሱን እንደገደለ ሰው ከወገን ተነጥሎ፣ ከመቃብሩ አጥር ዳር ላይ።

«የያዙት ምንድን ነው እማማ?»

አሮጊቷ መሀረባቸውን ፈቱ። አንዲት የኮምፒውተር ዲስኬት ነበረች። «ረቡዕ የሰጠኝ ነው። እማዬ አስቀምጪልኝ አለኝ። ምን እንደሆነች እኔ በምን ዐውቄ!»

በሦስት ሰዓት ተኩል አስናቁ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ያለው ማተሚያ ቤት ደረሰች። እዚያ የሚሠሩት ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ባለቤቱ ሺሞን፣ ጸሐፊዋ ይርጋለም፣ ወረቀት ቆራጩ መንበሩ። በመጀመሪያ ይርጋለምን ያዘች።

«ታደገ ትናንት ምን እየሠራ ነበር?»

«የሽማግሌዎቹን ቃል ወደ አዲሱ ማሽን ሲቀይር ነበር። በሱዳን በኩል ስለመጡበት መንገድ ከስምንት ዓመት በፊት የተናገሩት ነው፤ በዕብራይስጥ ተጽፏል። መጽሐፍ ሊሆን ነው። ግን የተጻፈው በድሮው ማሽን ስለሆነ አዲሱ አያነበውም።»

«ለምን?»

«የድሮው ማሽን ዕብራይስጡን የሚያስቀምጠው በትንንሾቹ የእንግሊዝ ፊደላት ወንበር ላይ ነው። አዲሱ ላይ ሲከፈት የእንግሊዝ ዝባዝንኬ ይሆናል። ታደገ አንድ መስመር ትእዛዝ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ ትንንሾቹን ፊደላት ሁሉ እያነሣ ዕብራይስጥ ያደርጋቸዋል። እየቀየረም ጽሑፉን በስክሪኑ ላይ ያሳልፋል።»

«ሁሉንም ፊደል? አማርኛም ቢሆን?»

«እሱ ምን ያውቃል እመቤቴ! ትንሽ ፊደል ካገኘ ይበላል።»

ከማተሚያው ሥር ማሽኑ ትናንት ሥራውን ሲጨርስ ያተመው ወረቀት ወድቆ ነበር። አስናቁ አነሣችው። «ትእዛዝ፦ በሣጥኑ ያለ ፋይል ሁሉ። ተጀመረ አራት ሰዓት፤ አለቀ አምስት ተኩል፤ ስልሳ አንድ ፋይል» ይላል። ኮምፒውተሩ ውስጥም ያንኑ የፋይል ሣጥን ከፍታ ቆጠረች፤ ደብዳቤውን ጨምሮ ስልሳ አንድ ነው። ዮሲም እስከዚህ ቆጥሮ ነበር፤ ልክ ነው ብሎ ተወው። አስናቁ ግን ቁጥራቸውን አንድ በአንድ አነበበች። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አምስት። አሥራ አራት የለም።

ወዲያው ወደ መንበሩ ዞረች። «ትናንት የት ነበርክ?»

«ታች ወረቀት ስቆርጥ። አምስት ተኩል ላይ ለምሳ ልጠራው ወጣሁ፤ አጣሁት። ትንሽ ጠብቄ ወረድኩ።»

«ኮምፒውተሩን ጠዋት ጠዋት የሚከፍት ማነው?»

«እኔ። ባትሪው ስለሞተ ሰዓቱን ሰው ነው የሚሞላለት።»

ሺሞን በበኩሉ ጠዋቱን አሽቀሎን ከተማ እንደዋለ፣ ይርጋለምን ልጇን ካሳከመችበት ቁፓት ሆሊም ክሊኒክ በመኪናው ይዟት ስድስት ከሩብ ላይ እንደገቡ ተናገረ። ሬሳውንም ያዩት ወዲያው፣ መኪናውን ከሕንፃው ጀርባ ሲያቆሙ ነው። አስናቁ ሁለቱም ቦታ ደወለች፤ እውነት ነው።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሁሉም እዚያው ክፍል ተሰበሰቡ። ዮሲ ሰዓቱን ያያል። እማማ የሺሀረግ መስኮቱን ላለማየት ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ።

«ኮምፒውተሩ ደብዳቤው ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ተጻፈ ይላል» አለች አስናቁ። «የጎረቤቱ ስፌት ፋብሪካ ሴቶች አራት ተኩል ላይ ለዕረፍት ሲወጡ አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰምተዋል። ሐኪሙም የሞተው ያኔ ነው ብሏል። እንግዲህ ጽፎ ዘለለ ያሰኛል። ግን አራት ሰዓት ላይ ፕሮግራሙ በሣጥኑ ያለውን ሁሉ መቀየር ጀምሯል። ደብዳቤው ያኔ ቢኖር ኖሮ ፊደሉ ተበልቶ ትርጉም የለሽ ዕብራይስጥ ይሆን ነበር። ይኸው አንድ ፊደል አልተነካም። ስለዚህ የተጻፈው ከአምስት ተኩል በኋላ ነው። ታደገ ከሞተ አንድ ሰዓት አልፎታል። የሞተ ሰው ይጽፋል?»



«ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ቀድሞ ለመጻፍ አልቻለም፤ ማሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ ሌላ ትእዛዝ አይሰማም። ሲጨርስ አንድ ፋይል አጠፋ፣ ሰዓቱን ወደ ኋላ መልሶ ደብዳቤውን ጻፈ። አንድ ወጣ፣ አንድ ገባ፤ ቁጥሩ ሞላ። ከአምስት ተኩል እስከ ስድስት ከሩብ እዚህ የነበረ አንድ ሰው ነው። አይደለም፣ መንበሩ?»

«እኔ የወረቀት ሠራተኛ ነኝ! ከኮምፒውተር ምን አገናኘኝ?»

«እሱ ነው የጣለህ፤ ፕሮግራሙ ፊደል እንደሚበላ አላወቅክም። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው።» ዲስኬቷን አወጣች። «ታደገ መቀየር ሳይጀምር፣ ረቡዕ፣ ዋናውን ቀድቶ ለእናቱ ሰጥቷል። ይርጋለም፣ አሥራ አራተኛውን።»

ይርጋለም ዲስኬቷን ከትታ አንዱን የትእዛዝ መስመር ጻፈች። ዝባዝንኬው እየሟሟ ዕብራይስጡ ወጣ። እያነበበች ወደ አማርኛ መለሰችው፦

«እኔ ቢምረው እናገራለሁ። መሪያችን በሦስተኛው ቀን ውሃውን ጭኖ ጥሎን ሄደ። ከአሥራ አንዳችን የተረፍነው አራት ነን። ስሙ መንበሩ ነው፤ በግራ ጆሮው ላይ ጠባሳ አለው።»

መንበሩ እጁን ወደ ጆሮው ሰደደ። 

«ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ሲያልፍ ታደገ አየው» አለ። «‘አንተ ነህ እንዴ?’ አለኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ሆኜ ኖሬ... አትናገር ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለኝ፤ ገፋሁት።»

እማማ የሺሀረግ እሱን አላዩትም። የአስናቁን እጅ ያዙ።

«አሁን ልጄ ከሰው መሀል ነው?»

«ከሰው መሀል ነው፣ እማማ» አለች አስናቁ። ዮሲ ስልኩን አንሥቶ መቃብር ቆፋሪዎቹ ዘንድ ደወለ።

በስምንት ሰዓት ታደገን በመካከለኛው ረድፍ፣ ቃላቸውን ከሰጡ በኋላ ካረፉት ከአባ ቢምረው ጎን ቀበሩት።