አንድ ቤት ሲጎድል

ቃልኪዳን ሦስት ቀን ሙሉ በእርጥብ ጥጥ ያጸዳችው የመልአክ ፊት ላይ ከጣሪያው የአቧራ መዓት ሲወርድበት፣ አፏ ላይ የመጣው ስድብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚነገር አልነበረም። ዋጠችው። ቀና ስትል አንድ ወጣት ዲያቆን በማገሮቹ መካከል አንገቱን አስግጎ ያያታል።

«ሥዕሉ ላይ ወረደ እንዴ?»

«ሥዕሉም ላይ፣ እኔም ላይ።»

«እንግዲያ ወርጄ ሁለታችሁንም ይቅርታ ልጠይቅ።»

ወረደ። አምሐ ይባላል፤ የደብሩ መሪጌታ የዓምደ ሚካኤል ልጅ ነው። ደንገል ሩፋኤል ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ፣ በጣና ዳር የቆመ የመቶ ሰባ ዓመት ደብር ነው። ክረምቱ በጣሪያው ሾልኮ ገብቶ፣ በጨርቅ ላይ ተስለው መቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ሥዕሎች መላጥ ሲጀምር እድሳቱ ተጀመረ። ጣሪያው የአምሐ ሥራ ነበር፤ ሥዕሎቹ ደግሞ ከባሕር ዳር የመጡት የቃልኪዳንና የባልደረባዋ የመሲ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አምሐ መዶሻ ከማንሳቱ በፊት ሥዕሎቹን በላስቲክ ይሸፍናል። ሸፍኖ ግን ቶሎ አይወጣም፤ እሷም ውጣ አትለውም።

«ለቅስና የሚቀረኝ ሚስት ማግባት ብቻ ነው» አላት አንድ ቀን።

«እና እኔን ለቅስናህ ነው የምትፈልገኝ?»

«ለቅስናውማ አባቴ ሦስት ጊዜ ሚስት አግኝተውልኝ ነበር። እምቢ ያልሁት እኔ ነኝ።»

ጥጡ እጇ ላይ እንዳለ ደረቀ።

በኅዳር መጀመሪያ መሪጌታ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ባሕር ዳር፣ የቃልኪዳን ወላጆች ቤት ገቡ። አባቷ ዕድሜውን በፋብሪካ ያሳለፈ ሰው ነውና ዘር መቁጠሩን ለእናቱ፣ ለእማማ ሙሉነሽ ተወላቸው። እማማም ይህን ቀን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«እኛ ደንገል ሩፋኤልን ከተከለችው ከወለተ ሩፋኤል የምንወለድ ነን» አሉ። «ከአቸፈር በታንኳ የመጣችው እሷ ናት። ለዚች ልጅ ስድስተኛ ቤቷ ናት።»

መሪጌታ የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ።

«ከደራ ናት እንጂ ከአቸፈር አይደለችም» አሉ ቀስ ብለው። «እኛም የወለተ ሩፋኤል ልጆች ነን። ለአምሐም ስድስተኛ ቤቱ ናት።»

ስለ አገሯ ጥቂት ተከራከሩ። ግን ስሟ አንድ፣ ደብሯ አንድ፣ ዘመኗም አንድ ነው፤ በስድስት ትውልድ አፍ ሲዞር አገሯ ቢምታታ ማንም አልተደነቀም። ሰባት ቤት ያልሞላ ዘመድ ደግሞ አይጋባም። አንድ ቤት ጎደለ። መሪጌታ ሲወጡ የቃልኪዳንን ግንባር ስመው «እኔም ወድጄሽ ነበር ልጄ» አሏት።

በማግስቱ አምሐ ሐይቁ ዳር ጠበቃት።

«ክህነቱን እተወዋለሁ። አዲስ አበባ እንሂድ፤ እዚያ ዘር የሚቆጥር የለም።»

ቃልኪዳን ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች።

«አንተ ትቆጥራለህ» አለችው። «ልጃችን በታመመ ቁጥር ትቆጥራለህ። እኔም እቆጥራለሁ።»

ከዚያ ወዲያ እሱ ጣሪያው ላይ፣ እሷ ግድግዳው ሥር ሆኑ። መዶሻው ሲያቆም የእሷም እጅ ያቆማል። አይነጋገሩም። ሥዕሎቹን ግን አንድም ቀን በላስቲክ ሳይሸፍን ቀርቶ አያውቅም።

በታኅሣሥ መጨረሻ ለሥራው የቀረው የምዕራቡ ግድግዳ ግርጌ ብቻ ነበር። እዚያ፣ ሥዕሉን ያሳለችው ወለተ ሩፋኤል በመልአኩ እግር ሥር በግንባሯ ተደፍታ ተስላለች። ቃልኪዳን ጥቀርሻውን ስታነሳ ሁለት እጅ ታየ፤ ከአጠገቡም ሌላ ሁለት።

«አራት እጅ?» አለች መሲ።

ከሥሩ አንድ መስመር ጽሕፈት ጥቀርሻና ሰም ለብሶ ተኝቷል። ቃልኪዳን ጥጡን አስቀመጠች።

«ምነው ተውሽው?»

«ብቻዬን አልገልጠውም። ደግ ነገር ከወጣ ራሷ ጻፈችው ይሉኛል። ክፉ ከወጣ ደግሞ…»

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ካህናቱን ይዘው መጡና ባትሪ አበሩላት። የመጀመሪያውን ቃል ገለጠች።

«ተዘከሮን እግዚኦ» ብለው መሪጌታ አነበቡና ቆሙ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «አቤቱ አስባቸው ማለት ነው። ለአንዲት ሴት ቢሆን ተዘከራ ይል ነበር። ይኼ ለብዙ ሴቶች ነው። ቀጥይ ልጄ።»

ቀጠለች። እሳቸውም ፊደል በፊደል ተከተሏት፤ «ለወለተ ሩፋኤል ወለቱ ለገብረ ኢየሱስ ዘደራ፣ ወለወለተ ሩፋኤል ወለቱ ለወልደ ማርያም ዘአቸፈር።»

አንዷ የደራው የገብረ ኢየሱስ ልጅ፣ አንዷ የአቸፈሩ የወልደ ማርያም ልጅ። ሁለት ሴቶች፣ አንድ የክርስትና ስም።

«አባቶቻቸው ወንድማማች ቢሆኑስ?» አለ አንድ ሽማግሌ ቄስ።

መሪጌታ በጣታቸው ቆጠሩ። እንደገናም ቆጠሩ።

«አባቶቻቸው ሰባተኛ ቤት ናቸው፤ ወንድማማች ቢሆኑ እንኳ የሚገናኙት ስምንተኛ ቤት ላይ ነው።» ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «መቶ ሰባ ዓመት ሁለት እናቶችን እንደ አንድ ስንዘክር ኖርን። ሂጂ ልጄ፣ አንቺው ንገሪው።»

ጫማዋን ሳታደርግ ወጣች። አምሐ ድምፅ ሰምቶ መሰላሉን እየወረደ ነበር።

«ምን ሆንሽ? ምን ይላል ጽሕፈቱ?»

ስለ ደራው፣ ስለ አቸፈሩ፣ ስለ አራቱ እጅ ከመጀመሪያው ልትነግረው ፈለገች፤ ትንፋሿ አልበቃትም።

«አምሐ» አለችው፤ «ምንህም አይደለሁም።»

ሲገባው እዚያው መሰላሉ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰ መስሏት ጠጋ አለች፤ እየሳቀ ነበር።

«እስቲ ድገሚው።»

ደገመችለት።

በጥር እዚያው ደብር በተክሊል ተጋቡ። እማማ ሙሉነሽ ግን የመሠረቱን ድንጋይ ያስቀመጠችው የአቸፈሯ ናት እያሉ ከመሪጌታ ጋር እስከ ሠርጉ ማግስት ሲሟገቱ ሰነበቱ።