«አባትህ ታመዋል፣ ቶሎ ና»

«አቁሚው! እዚህ ጋ አቁሚው!»

ሔራን ጣቷን ሰደድ አድርጋ ፊልሙን አቆመችው። ጥቁር ካባ የደረበ፣ ጢሙ የተንጨባረረ ሰውዬ ኮምፒውተሩ ላይ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«ተመልከቺው እስቲ» አለች ሚለን እስክሪብቶዋን እየቀሰረች። «ገና ምንም ሳያደርግ መብረቅ ይጮኻል። ሲገባ መብረቅ፣ ሲወጣ መብረቅ። ሾርባ ሲጠጣ እንኳን መብረቅ! ማ ዳይ!» አለች ጣልያንኛ ቀላቅላ። «ኧረ ተዉኝ! ክፉ መሆኑን እኮ ፈረሶቹም ያውቃሉ።»

ሔራን ሳቀች። ወዲያው ደግሞ በመሳቋ አፈረች። ከሚለን ጋር መሳቅ ከከበዳት ሰንብቷል።

ድራማው ከሺህ ዓመት በፊት ኪየቭ ላይ ተቀምጠው የሩስን ምድር ስለገዙ መሳፍንት ነበር። የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሐሙስ መምህራን ፊት ቀርበው የመረጡትን ርዕስ በቃል ያስረዳሉ። ግማሹ ክፍል እሳተ ገሞራ፣ ግማሹ የአየር ንብረት መርጧል። ሚለን ግን «ቴሌቪዥን የጥንት የሩስ ገዢዎችን እንዴት አድርጎ ያሳየናል?» የሚል ርዕስ ይዛ ቀረበች። መምህሯ መነጽራቸውን አውልቀው ለአፍታ አዩዋትና ፈቀዱላት።

ርዕሱ ከአባቷ የመጣ ነበር። ጋሼ ፍሰሃጽዮን አዲስ አበባ ሆነው፣ እሷ ሮም ሆና ያንኑ ድራማ ያያሉ። ከዚያ በስልክ የድምፅ መልእክት እየተላላኩ ይጨቃጨቃሉ። ሁሉም ሰው የሚጠላውን ባለ ጥቁር ካባውን ስቪያቶፖልክን አባትየው ብቻ ይከራከሩለት ነበር። «ልጄ፣ ታሪኩን የጻፉት እኮ እሱን ያሸነፈው ወንድሙ ሰዎች ናቸው። አባቱ ትልቁ ልዑል ቭላድሚርስ? እሱም የገዛ ወንድሙን አስገድሏል። እሱን ግን በወርቅ ብርሃን ያሳዩታል» ይሏታል። ሚለን ይህንን ሁሉ ለፈተናው አዘጋጅታዋለች።

ጋሼ ፍሰሃጽዮን ግን ሞተዋል። ልባቸው ድንገት ቆሞ አርፈው፣ ከተቀበሩም ሰንብተዋል። ይህን ሚለን አታውቅም፤ ሔራን ታውቃለች።

ነገሩ የተወሰነው እዚሁ፣ በሔራን ቤት ኩሽና ውስጥ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሽማግሌዎች፣ የሔራን እናት ትብለጥና የሚለን እናት እትዬ የሺወርቅ ተቀምጠው መከሩ። ልጅ ፈተና ላይ እያለች መርዶ አይነገራትም ተባለ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰው ተሰብስቦ፣ እንደ ወጉ ይነገራታል። እስከዚያ «አባትሽ ትንሽ አሞት ሆስፒታል ገብቷል፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም» ትባላለች። ማንም ክፉ አላሰበም። ሁሉም ስለ ሚለን እያለቀሱ ነበር የወሰኑት።

ከዚያ ወዲህ እትዬ የሺወርቅ ከሥራ ሲወጡ በቀጥታ ወደ ሔራን ቤት ይመጣሉ። ጥቁር ልብሳቸውን ከሔራን ቁም ሳጥን አውጥተው ይለብሳሉ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ከዚያ ፊታቸውን ታጥበው፣ ቢጫ ሸሚዛቸውን መልሰው ለብሰው ወደ ልጃቸው ይሄዳሉ። ዛሬ ልጆቹ ቤቱን ለጥናት ስለያዙት እሳቸው የሚያለቅሱበት ቦታ አልነበራቸውም። 

«አሎራ፣ በይ እንግዲህ» አለች ሚለን። «ቀጣዩን ክፍል እንየው። አባዬ እስኪሻለው ልጠብቀው ብዬ ነበር። ብቻሽን አየሽው ብሎ ያኮርፈኛል፤ ግን ምን ላድርግ? ፈተናው ደረሰ።»

«ሌላ ጊዜ ብታዪውስ?» አለች ሔራን።

«ሌላ ጊዜ መቼ? ከነገ ወዲያ እኮ ነው! ቫ ቤኔ፣ ግድ የለም፣ ክፈቺው።»

ሔራን ከፈተችው።

ትልቁ ልዑል ቭላድሚር አልጋው ላይ ሞተ። አሽከሮቹ ግን ልቅሶ አላሰሙም። ማንም እንዳይሰማ አስከሬኑን በምንጣፍ ጠቀለሉት፣ ወለሉን ነቅለው በገመድ ወደ ታች አወረዱት። ከዚያ ስቪያቶፖልክ ሩቅ አገር ወዳለው ታናሽ ወንድሙ፣ ወደ ግሌብ መልእክተኛ ላከ። ግሌብ ገና ልጅ ነው። መልእክተኛው ከፈረሱ ወርዶ ልጁ ፊት ተንበረከከ።

«አባትህ ታመዋል፣ ይጠሩሃል። ቶሎ ና» አለው።

በዚህ ቦታ መብረቅ አልነበረም፤ ሙዚቃም አልነበረም። መልእክተኛው ደግ ፊት ያለው ሽማግሌ ነው፤ ልጁን እያየ ፈገግ ለማለት ይሞክራል። ግሌብ ምሳውን እንኳን ሳይጨርስ ፈረሱ ላይ ወጣ።

ሔራን ዓይኗን ከኮምፒውተሩ መንቀል አቃታት። እነዚህ ሰዎች ከሺህ ዓመት በፊት የዋሹት ውሸት፣ እናቷ ኩሽና ውስጥ በለስላሳ ድምፅ ያስጠናቻት ውሸት ነበር። ስቪያቶፖልክ ልጁን ሊገድለው ነው የዋሸው፤ እነ እናቷ ግን ሚለንን ስለሚወዷት ነው። ልዩነቱ ሰፊ መሆኑ ይገባታል። የተታለለው ልጅ ፊት ግን ያው ነው።

ሚለን ምንም አልጻፈችም። ፊልሙን ራሷ አቆመችው።

«የመልእክተኛውን ፊት አየሽው?» አለች ቆይታ። «ክፉ አይመስልም። ያሳዝናል።»

«አዎ» አለች ሔራን።

«እማዬ ትላንት እንዲህ ነበር ፊቷ። እራት እያቀረበችልኝ።»

ውጪ ትራም እያፏጨ አለፈ። ሔራን መስኮቱን ለመዝጋት ተነሳች፤ ግን ሳትዘጋው ቆመች።

«ሔራን፣ አባዬ ታሞ ነው?»

የሚጠበቅባት አንዲት «አዎ» ብቻ ነበረች። ለእናቷ ምላለች። «አዎ» ብትላት ሚለን ሐሙስ ፈተናዋን ትፈተናለች፣ መምህራኑ ፊት ቆማ በታመመ አባት ስም ስለተታለለው ልጅ ታስረዳለች፣ ምናልባት ጥሩ ውጤት ታገኛለች። ቅዳሜ ደግሞ እውነቱን ስትሰማ ይህቺን ደቂቃ ታስታውሳለች። ሔራን ፈራች። በሕይወቷ እንደዚህ ፈርታ አታውቅም።

«እናትሽን እንጠይቃቸው» አለች። «አሁን እንሂድ። አብሬሽ እመጣለሁ።»

«ለምን አንቺ አትመልሺልኝም?»

«እኔ ብቻዬን የምመልሰው ነገር አይደለም ሚለን። እባክሽ።»

ሚለን ኮምፒውተሩን ከደነችው። ከዚያ ቦርሳዋን አነሳች።

በኤስኲሊኖ ሰፈር መንገድ፣ በሱቆቹ ፊት ለፊት ተከታትለው ሄዱ። ሙቀቱ ገና አልበረደም፤ ነጋዴዎች ጨርቅና ሻንጣ ከደጅ እያነሱ ነበር። ሚለን መልስ ሳትጠብቅ ታወራለች።

«ታውቂያለሽ፣ የግሌብ ሌላው ወንድም ያሮስላቭ መንገድ ላይ ሰው ልኮለታል። ‹አትሂድ፣ አባትህ ሞቷል› ብሎ። ድራማው እዚያ ገና አልደረሰም፤ ዜና መዋዕሉ ላይ ግን አለ፣ አባዬ ነግሮኛል። ግሌብ አላመለጠም፣ ገደሉት። ግን መጀመሪያ ለአባቱ አለቀሰ። አባዬ ‹ቢያንስ አልቅሶለታል› ነው ያለኝ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ቢያንስ አልቅሶለታል።»

ሔራን እጇን ልትይዛት ፈለገች። ሚለን እጇን ኪሷ ከተተች።

ደረጃውን ወጡ። እትዬ የሺወርቅ ሽንኩርት እየከተፉ ኖሮ ቢላውን እንደያዙ በሩን ከፈቱ፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ጨረሳችሁ እንዴ? ግቡ፣ ግቡ» አሉ ፈገግ ብለው።

«እትዬ የሺ» አለች ሔራን።  «ሚለን ጠይቃኛለች። እኔ መዋሸት አልቻልኩም። ይንገሯት።»

ፈገግታው ለትንሽ ጊዜ እዚያው ፊታቸው ላይ ቆየ፤ የሚሄድበት የጠፋው ይመስል ነበር። «ፈተናዋ…» አሉ። «ቅዳሜ እኮ… ፈተናዋ…» ከዚያ ቢላው ከእጃቸው ወደቀ፤ ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው መሬት ተቀመጡ።

«እማዬ?» አለች ሚለን። «እማዬ፣ መቼ?»

እናቷ እጃቸውን ዘረጉላት። ሚለን ወደ እናቷ አልሄደችም። ወደ ሔራን ዞረች።

«አንቺም ታውቂ ነበር። እስካሁን አብረሽኝ ስትስቂ ታውቂ ነበር።»

«ሚለን…»

«ሂጂልኝ። ከፊቴ ሂጂ!»

በሩ ተዘጋ። ሔራን ደረጃው ላይ ብቻዋን ቀረች።  ከውስጥ የእትዬ የሺወርቅ ድምፅ መጣ፤ ይህን ሁሉ ቀን አልጋዋ ጫፍ ላይ አፍነው ሲያለቅሱት የነበረው ልቅሶ አሁን ሳይታፈን ወጣ። ቀጥሎ የሚለን ድምፅ ተጨመረበት። ሔራን ጆሮዋን ልትይዝ እጇን አነሳችና መልሳ አወረደችው።

የጎረቤት በር ተከፈተ፤ አንዲት ጣልያናዊት አሮጊት ብቅ ብለው ምን እንደተፈጠረ ጠየቋት።

«የሚለን አባት ሞቱ» አለች ሔራን በጣልያንኛ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። በዚያች ሰዓት እሷም አለቀሰች። ሴትየዋ አማተቡና ውሃ ሊያመጡላት ተመለሱ።

እንባዋን ጠርጋ እናቷ ጋ ደወለች።

«እማዬ፣ ሰዎቹን ጥሪያቸው። ዛሬ ይምጡ።»

«የምን ሰዎች? ቅዳሜ አልተባባልንም እንዴ?» አለች ትብለጥ። ከዚያ የሚሰማው ልቅሶ በስልኩ ደረሳት። «ሔራን! ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ? ምን ነበር ያልኩሽ?»

«በኋላ ተቆጪኝ። ሁለቱ ብቻቸውን ናቸው እማዬ። ብቻቸውን እያለቀሱ ነው።»

 ትብለጥ በሥራዋ የምትንከባከባቸውን አሮጊት ከአልጋቸው ስታነሳ የምታሰማውን ዓይነት ከባድ ትንፋሽ አወጣች።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «እደውልላቸዋለሁ። እኔም እመጣለሁ። አንቺ ወደ ቤት ሂጂ፣ ሚለን አሁን ልታይሽ አትፈልግም።»

«አውቃለሁ» አለች ሔራን። «ግን አልሄድም።»

ስልኩን ዘግታ በሩ አጠገብ፣ ቀዝቃዛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ሚለን ከእንግዲህ ላታናግራት ትችላለች። ምናልባት ሙሉ በጋውን፣ ምናልባትም ለዘላለሙ። ይህን ስታስብ ልቧ ይቆረጥ ነበር። ለቀስተኞቹ ሲመጡ ግን ደረጃውን የሚያሳያቸው፣ ወንበር የሚያቀርብ፣ ውሃ የሚያድል ሰው ያስፈልጋል። ጉልበቷን አቅፋ ጠበቀች።