የተገለበጠው ኮት

ፌስተስ ኪልቤን ሞቶ የተገኘው «የደጋጎቹ ቅጥር» በሚባለው ክብ የአፈር ካብ መሃል፣ ሊቆርጠው በተነሳው ባለ ነጭ አበባ የእሾህ ዛፍ ሥር ነው። ማጅራቱ ድንጋይ ላይ አርፎ ተፈንክቷል። መጥረቢያው አጠገቡ ወድቋል። ኮቱ ተገልብጦ ገበሩ በውጭ ሆኗል። የመንደሩ ወንዶች በቅጥሩ ይኖራሉ የሚሏቸውን፣ እንዳይቆጡ «ደጋጎቹ» እያሉ የሚጠሯቸውን መናፍስት ፈርተው ከካቡ ውጭ አማተቡ እንጂ ሬሳውን ላንሳ ብሎ የገባ አልነበረም። የፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ማላኪ ቱሂ ግን ሥራው ነውና ብቻውን ገባ።

«ደጋጎቹ ናቸው» አለ የሟቹ ጎረቤት ኮርማክ። «ዛፋቸውን አትንካ ብለነው ነበር። መንገዱ ሲጠፋበት ኮቱን ገለበጠ፤ ከእነሱ ማምለጫው እሱ ነዋ! ግን አልለቀቁትም።»

«አንተስ? በድንበር ተጣልታችሁ አልነበር?»

«ተጣልተናል። እዚያ ውስጥ እግሬን ከማስገባ ግን ድንበሩንም ብተውለት ይሻለኛል።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ተርሎክ ቀና ብሎም አላየ። ከፈረስ ወድቆ የተሰበረ ቀኝ እጁ አንገቱ ላይ ታስሯል። ስለ እርሻው ከወንድሙ ጋር ሲጯጯህ አገር ሰምቷል። ገዳዮቹ ደጋጎቹ ካልሆኑ የስቅላት ገመድ የሚጠብቀው እሱን ነው።

ማላኪ ኮቱን አገላብጦ አየ። ገበሩ ላይ የደም ጠብታ የለም፤ ደሙ የደረቀው ወደ ውስጥ በዞረው ጨርቅ ላይ ነው። ቁልፎቹ እስከ አንገት ድረስ ተቆልፈዋል። ከእሾሁ ሥር ደግሞ አንዲት ነጭ ድንጋይ ታጥባ ታበራለች። እንዲህ ያለ ድንጋይ ምን ላይ እንደሚቀመጥ ያውቅ ነበርና ቆቡን አወለቀ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሬሳው በተጋደመበት ቤት ሰበሰባቸው። እናትየው ኦኖር ከልጇ ራስጌ ተቀምጣለች።

«ፌስተስ በደጋጎቹ ቢያምን ኖሮ መጥረቢያ አያነሳም ነበር» አለ ማላኪ። «ኮቱን የገለበጠለት ሌላ ሰው ነው፤ ያውም ከተፈነከተ በኋላ፤ ደሙ በውስጥ ቀርቷላ። ኮርማክ ቢሆን ጥሎት ይሮጣል። ተርሎክ በአንድ እጁ ሬሳ አያለብስም። ያለበሰው ሰው ደጋጎቹ እንዳይወስዱት ሰግቶለታል፤ ብርድ እንዳይገባውም እስከ አንገቱ ቆልፎለታል። ይህ ሰው ቅጥሩን አይፈራም፤ እዚያ የተቀበረ የራሱ ሰው አለው።» ድምፁ ዝቅ አለ። «እማማ ኦኖር፣ ድንጋይዋን የሚያጥባት ማነው?»

ኦኖር የሟቹን ፀጉር ዳበሰች።

«እኔ ነኝ። ከሥሯ ያለው የበኩር ልጄ ነው። ክርስትና ሳይነሳ ሞተ። ቄሱ ከመቃብር ቦታ ሲከለክሉን አባቱ እዚያ ቀበረው። ለእነዚህ ለልጆቼ አልነገርኳቸውም፤ አፈርኩ። ፌስተስ መጥረቢያውን ሲያነሳ ጊዜ ሮጬ ገፈተርኩት። ከልጄ ላይ ዞር እንዲል ብዬ ነው እንጂ...»

«እማዬ፣ ዝም በይ!» አለ ተርሎክ።

«ዝም ብዬ ነው እኮ የገደልኩት።»

ማላኪ ክንዷን ደግፎ አስነሳት። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ ወደ ቅጥሩ አየች።

«ከእንግዲህ ድንጋይዋን ማን ያጥባታል?»

ከልጅነቱ ጀምሮ ቅጥሩን ዞሮ ሲሸሽ የኖረው ተርሎክ በደህና እጁ እንባውን ጠረገ።

«እኔ አለሁ፣ እማዬ።»