አርባ አንድ አስራ ሁለት የማን ነው?

ምንትዋብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮ ስትገባ፣ ገና ቦርሳዋ ከትከሻዋ ሳይወርድ፣ ቶፕ የምትባለዋን አጭር ትእዛዝ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትጽፋለች። ትእዛዟ ሰርቨሩ ላይ የሚሮጡትን ስራዎች ከነቁጥራቸው ትደረድርና እያንዳንዱ ፕሮሰሰሩን በመቶ ስንት እንደያዘ ታሳያለች፤ የሚለፋው ከላይ፣ የሚተኛው ከታች። አንጋፋው ባልደረባዋ ጋሽ ወንድይፍራው "እዚህ ቢሮ ውስጥ ማን እንደሚሰራ የሚያውቅ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ" እያሉ ይስቁባታል። እሳቸው ዝርዝሩ ውስጥ ቢገቡ የት ጋ እንደሚገኙ ሁለቱም ያውቃሉ።

ቢሮው የወንዙን ከፍታ የሚከታተል ትንሽ ጽህፈት ቤት ነው። በክረምት ሰርቨሩ ከየመለኪያው የሚመጣውን ቁጥር ያሰላና ውሃው የትኛውን መንደር እንደሚያጥለቀልቅ አስቀድሞ ይናገራል፤ ከዚያ ስልክ ይደወላል፣ ሰዉም ከብቱን ነድቶ ወደ ጉብታው ይወጣል። ሰራተኛው ሁሉ ማሽኑ ላይ የሚገባው በአንድ ስም ነው። ለየብቻ ለማስከፈት ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ደብዳቤው ፊርማ ይፈልጋል፣ ፈራሚው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ይኸው አራት ዓመታቸው። ስለዚህ አንድ ስራ ፕሮሰሰሩን ሲያጨናንቅ ማሽኑ የማን እንደሆነ መናገር አይችልም። ያለው መላ ኮሪደር ላይ ወጥቶ ቁጥሩን ጮክ ብሎ መጥራት ነው። "የኔ ነው" ያለ ሰው ካለ ስራው አይነካም። ዝም ከተባለ ይገደላል። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፤ የጣሰውም የለም።

የዚያን ቀን ከሁሉም በላይ የተቀመጠው 4112 ነበር። አንዱን ፕሮሰሰር መቶ በመቶ ይዞ ንቅንቅ አላለም፤ የስራው ስም መጻፍ የነበረበት ቦታም ባዶ ነው። ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ከስሱ ግድግዳ ጀርባ፣ ከማሽን ክፍሉ፣ የማቀዝቀዣዎቹ ኡኡታ እንደወትሮው ይሰማል፤ ከኡኡታው ስር ግን ዛሬ ሌላ ድምፅ አለ፣ ቀስ ያለ፣ እኩል የሚመጣ፣ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው እግሩን እያነሳ እንደሚጥለው ያለ። ዝናቡ ነው ብላ ራሷን አሳመነች። ሽታውን ግን በምን እንደምታሳምነው አጣች፤ ቢሮዋ ጭቃ ጭቃ፣ ደግሞ ሳይደርቅ የታጠፈ ጋቢ ጋቢ ይሸታል።

ፐርፍ የምትባለዋን ሌላ መሳሪያ አስነሳች። ቶፕ ማን እንደሚለፋ ብትናገር፣ ፐርፍ ምኑ ላይ እንደሚለፋ ታያለች፤ በሰከንድ መቶ ጊዜ አንገቷን አስግጋ "አሁን ደግሞ የት ደረስክ?" እንደምትል ወሬኛ ጎረቤት ናት። ወትሮ የምታወጣው የፕሮግራም ክፍሎችን አሰልቺ ስሞች ነው። ዛሬ ያወጣችው ይህንን ነበር፦ ሾላ በር ዘጠና አንድ በመቶ፣ አባ ግንድ ስድስት፣ ሸንበቆ ሜዳ ሁለት፣ ጠዲት አንድ።

ወንዙ ዳር በተርታ ያሉ መንደሮች ናቸው። የመጨረሻዋ ጠዲት ከቢሮው በመኪና ሦስት ሰዓት ትርቃለች፤ የምንትዋብ ታናሽ እህት እናኒ ከስምንት ወር ልጇ ጋር የምትኖረው እዚያ ነው።

አንዱ አዲስ የጎርፍ ስሌት ጀምሮ ይሆናል አለች በሆዷ። ከወንዙ የመጣውን ቁጥር አየች፤ ውሃው ከዳሩ በታች ነው፣ ምንም የሚያሰጋ ነገር የለም። አምስት ሰዓት ላይ ግን ሾላ በር ወደ ሠላሳ ወርዶ አባ ግንድ ስልሳ ደርሶ ነበር። የሾላ በር ሊቀ መንበር ጋ ደወለች። ስልኩ ተነሳ። "ሄሎ" አለች። የሚናገር የለም፤ አንድ ነገር ብቻ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። መልሳ ብትደውል የሚያነሳም ጠፋ። ሰባት ሰዓት ላይ ሾላ በር ዜሮ ሆነ፣ አባ ግንድም መውረድ ጀመረ፤ እዚያ ስትደውል እስኪቋረጥ ጠራ።

"ኔትወርክ ነው" አሉ ጋሽ ወንድይፍራው ዳቧቸውን እየገመጡ። "ዝናብ ሲሆን መች ይሰራል።"

"ሁለት መንደር ሙሉ ሰው ስልክ አያነሳም፣ ጋሼ?"

"ምሳ ሰዓት ነው እኮ፣ ልጄ።"

ምሳዋን ሳትነካ ዋለች። ወንበሯ ላይ መቀመጥ አቃታት፤ ተነስታ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ስክሪኑ፣ እንደገና ወደ መስኮቱ። ቁጥሩ አይሮጥም፤ በእርጋታ፣ በሰው እርምጃ፣ ከመንደር መንደር ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች ይሄዳል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሸንበቆ ሜዳ ሰባ ነበር፣ ጠዲት ሃያ።

ኮሪደሩ ላይ ወጣች።

"አርባ አንድ አስራ ሁለት የማን ነው?"

"የኔ አይደለም" አሉ ጋሽ ወንድይፍራው ከቢሯቸው። "የኔ ስራ እንደዚህ ለፍቶ አያውቅም።"

ሁለተኛ ልትጠራ አፏን ስትከፍት ከማሽን ክፍሉ ዝግ ያለ የሴት ድምፅ፣ እጇ ስራ ላይ እንዳለና መረበሽ እንደማትፈልግ ሴት ድምፅ፣ መጣ።

"የኔ ነው።"

"ይኸው፣ ባለቤት አለው" አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። "በይ ተይው።"

"ማን ናት?"

"እኔ በምን አውቄ? የኔ ነው አለች አይደል።"

የማሽን ክፍሉ ቁልፍ ከትናንት ጀምሮ የተንጠለጠለው ምንትዋብ አንገት ላይ ነው። ከፈተችው። ጨለማው ውስጥ አረንጓዴዎቹ መብራቶች ብልጭ ይላሉ፣ ማቀዝቀዣዎቹ ይጮሃሉ፣ የጭቃው ሽታ እዚህ ይብሳል። ማንም የለም። ሰርቨሩ ፊት ለፊት ብቻ ወለሉ ላይ የተኛው አቧራ ረጥቧል፤ አንድ ሰው ሊቆምበት በሚችል ልክ፣ ወደዚያ የመጣም ከዚያ የሄደም ዱካ ሳይኖረው።

በሩን ቆልፋ ተመለሰች። ጠዲት አርባ ስምንት። እናኒ ጋ ደወለች፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ጠዲት ሃምሳ ሰባት። እንደገና ደወለች። ስልሳ ስድስት። ባለቤት የመለሰበት ስራ እንደማይነካ ጣቶቿ ያውቃሉ፤ ለዚህ ይሆናል ኪቦርዱ ላይ ሲደርሱ ደርቀው የቀሩት። ከዚያ የእናኒ ልጅ ፊት መጣባት። ግደል የምትለዋን ትእዛዝ፣ ኪልን፣ ጻፈች፣ ቁጥሩን አስከተለች፣ ለግድግዳው "ይቅርታ" አለችና ኢንተርን ተጫነች።

4112 ከዝርዝሩ ጠፋ። ፕሮሰሰሩ ከመቶ ወደ ዜሮ ወረደ። ከግድግዳው ጀርባ ኡኡታው ረገብ አለ፣ ከስሩ የነበረው የእግር ድምፅም ቆመ፣ ሽታው እንኳ መስኮት እንደተከፈተለት ወጣ። ሁሉም ስራ ከታች ተኝቷል። ከዚያ ስልኩ እጇ ላይ ጮኸ፤ እናኒ ናት።

"ምነው ምንቴ፣ ስልኬን አቃጠልሽው እኮ። ልጅ ሳስተኛ ነው።"

"ደህና ናችሁ? ውሃውስ?"

"የምን ውሃ? ወንዙ እታች ነው። ዝናቡ ራሱ አሁን አባራ።"

ምንትዋብ ሳቀች፤ ቀኑን ሙሉ የያዘችውን ትንፋሽ በአንድ ጊዜ ለቀቀችው፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

"እሺ፣ በቃ፣ ልጁን ሳሚልኝ" አለች።

"እስመዋለሁ። ባይሆን ቆይ፣ እንግዳ በር ላይ ቆማብኛለች፤ እንዲያው ርጥብ ብላ፣ ታሳዝናለች" አለች እናኒ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "‹እህትሽ ስራዬን መሃል ላይ አቋረጠችብኝ፣ የቀረኝን በእግሬ መጥቼ ልጨርስ ነው› ስትለኝ፣ ያንቺ ባልደረባ ናት ብዬ ግቢ አልኳት።"