በአማና የተቀመጠ ማራገቢያ

«የፈጠራው ባለቤት፦ ሀይፋ ጀማሉዲን፣ 10ኛ ቢ»

አርዋ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከእናቷ ጋር አቀስታ ለቅሶ ደርሳ ከሚኒባስ የወረደችው ገና አሁን ነው። ቤት እንኳ ሳትገባ ወደ ትምህርት ቤቱ የሳይንስ ኤግዚቢሽን በሩጫ መጥታለች።

ጠረጴዛው ላይ የሚሽከረከረው የእሷው ማራገቢያ ነበር። የኮምፒውተር ክፍሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች ማራገቢያቸው ሲጮህ መምህር አምባቸው «ዛሬም ወፍጮ ቤት ገባን?» ይሉ ነበር። ያንን ጩኸት ለማብረድ አርዋ ሁለት ወር ለፍታ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ሠራች። ከተበላሸ ሬዲዮ የድምፅ መጨመሪያውን ፈታች፣ ከሌላ ሬዲዮ ትራንዚስተር ነቀለች። ትራንዚስተሩ እየጋለ ሲያስቸግራት ከድስት ክዳን አሉሚኒየም ቆርጣ በብሎን አሰረችለት። እናቷ ያንን ክዳን እስከ ዛሬ ትፈልገዋለች።

ለቅሶ ስትሄድ ሰርኪዩቱንም ንድፉ ያለበትን ደብተሯንም ለጓደኛዋ ለሀይፋ ሰጥታ «አማና ነው፣ አደራሽን፣ እሺ?» ብላት ነበር።

«ወላሂ እንደ ዓይኔ ነው የማየው!» አለቻት ሀይፋ። እንግዲህ ዓይኗ በደንብ አይቶታል።

«ሀይፋ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አለች አርዋ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆማ ስታገኛት።

«አርዊ፣ መጣሽ! አታካብጂ እንግዲህ። የአንድ ለአምስት ቡድናችን መሪ እኔ አይደለሁ? ፎርሙ ላይ የሚሞላው የመሪ ስም ነው።»

«"የፈጠራው ባለቤት" ነው እኮ የሚለው!»

«አንቺ አልነበርሽም። ሳይቀርብ ቢቀር ይሻል ነበር?»

 አርዋ ስትበይድ እጇ ሲቃጠል ከቤቷ ማር በብርጭቆ ይዛ እየሮጠች የመጣችው ይህችው ልጅ ናት። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ መጮህ በቀለላት።

ከወረዳ የመጡት ዳኛ፣ ወይዘሮ ወርቂቱ፣ ጠረጴዛው ጋ ደረሱ። አሸናፊው ለደሴ ውድድር ያልፋል።

«ማሻ አላህ፣ የኔ ልጅ! እስቲ እኔም ልሞክረው» አሉና የመቆጣጠሪያውን ቁልፍ አጥፍተው መልሰው በትንሹ ከፈቱት። ማራገቢያው እምም አለ እንጂ አልዞረም።

«ምን ነካው?»

«መብራቱ ደክሞ ነው» አለች ሀይፋ። አናታቸው ላይ ያለው አምፖል እንደ ሰርግ ቤት ቦግ ብሏል።

«ይቺ ቆርቆሮስ?»

«እ... ለጌጥ ናት።»

ከዳኛዋ ጋር የመጡት መምህር አምባቸው አሳላቸው። ሀይፋ በጠረጴዛው ሥር የአርዋን ክንድ ያዘች። «አስነሺው በናትሽ» አለች በሹክሹክታ። «ማታ ደግሞ ቤት መጥተሽ ሁሉንም ታስረጂኛለሽ፣ ደሴ ላይ እንዳልዋረድ። ካለፍኩ ወላሂ ስምሽን እጠራለሁ።»

አርዋ ጉዳዩ ምን እንደሆነ ታውቀዋለች። ቁልፉን አንዴ ጠምዘዝ ማድረግ ብቻ ነው። ብታደርገው ማራገቢያው ለሀይፋ ይዞራል። ዝም ብትል ደግሞ ሀይፋ ታፍራለች፣ ዳኛዋም ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ያልፋሉ፤ የሁለት ወር ልፋቷም «የማይሠራው ማራገቢያ» ተብሎ ይቀራል። ያቺ ማር ይዛ የሮጠችው ሀይፋ ዓይኗ ላይ መጣችባት።

ክንዷን ቀስ አድርጋ አስለቀቀች።

«ማታ አይመቸኝም» አለች። «አሁን አስረዳለሁ።»

«አርዊ፣ ተይ...»

«መብራቱ ምንም አልሆነም፣ ወይዘሮ ወርቂቱ» አለች አርዋ። «ማራገቢያው ከቆመበት ለመነሳት ጉልበት ይፈልጋል። መጀመሪያ ሙሉውን እንከፍተዋለን፣ ከዞረ በኋላ እንቀንሰዋለን። ቆርቆሮዋም የትራንዚስተሩን ሙቀት ነው የምትወስድለት።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። «አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?»

«አርዋ አብዱራህማን። እዚሁ 10ኛ ቢ ነኝ።»

ሀይፋ አንገቷን ደፋች። አርዋ ወደ እሷ አልዞረችም። ከመምህር አምባቸው እጅ ጠመኔ ተቀብላ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው ሰሌዳ ላይ ሰርኪዩቱን ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ መሳል ያዘች።