ሁለት እህ ባዮች

ልጅቷ ሥራዋን ትወዳለች። ችግሩ ሥራዋን እቤት ድረስ ይዛው መምጣቷ ነው። እናቷ ወጥ አቅምሳት «ጨው በዛበት እንዴ?» ብትላት እንኳ «አንቺስ እንዴት አገኘሽው?» ብላ ትመልስላታለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሒሳብ አስተምራ ጡረታ ለወጣች እናት ይኼ የሚዋጥ ነገር አይደለም።

«የጠየቅሁሽ ስለ ጨው ነው!»

«የጨው ነገር እንዳሳሰበሽ ይሰማኛል፣ እማዬ።»

«እኔን የሚያሳስበኝስ አንቺ ነሽ!»

ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ፤ ጨውም ተረስቶ ይቀራል።

ልጅቷ በአንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ሶሻል ወርከር ናት። ሕመም ያሰለቻቸውን ልጆችና ተስፋ የቆረጡ ወላጆቻቸውን ታማክራለች። ሰው ሲያለቅስ ዝም ብላ አጠገቡ መቀመጥ ታውቅበታለች። ስለ ራሷ ተናገሪ ሲሏት ግን ምላሷ ይተሳሰራል፤ የሚያስፈልጋትን ነገር አፍ አውጥታ ስትጠይቅ የሰማ ሰው የለም።

የሙያ ፈቃዷን ለማሳደስ ተከታታይ ትምህርት መውሰድ ነበረባትና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከነርሶች ትምህርት ቤት ጀርባ ወዳለው አዳራሽ መሄድ ጀመረች። በመጀመሪያው ቀን አሠልጣኟ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ቀልደኛ ሴት፣ ሠልጣኞቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው አስቀመጧቸው።

«አንዱ የከበደውን ነገር ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ምክር የለም፤ ‹አይዞህ› የለም፤ እህ ብሎ ማዳመጥ ብቻ!»

ለእሷ የደረሳት ከሱስ ማገገሚያ ማእከል የመጣ መነጽራም ረጅም ሰው ነበር። ወንበሩን አስጠጋና በትሕትና አጎንብሶ አያት።

«እህ…» አላት።

«እህ…» አለችው።

ትንሽ ተያዩ።

«ተናጋሪዋ አንቺ መስለሽኝ።»

«እኔ ደግሞ አንተ መስለኸኝ።»

«ብትጀምሪ ደስ ይለኛል።»

«እኔ እንድጀምር የፈለግከው ለምን ይመስልሃል?»

ሰውየው ሳቁ አመለጠው፤ ጸጥ ያለው አዳራሽ ሁሉ ዞሮ አያቸው። አሠልጣኟ መጥተው በላያቸው ቆሙ። «እዚህ ጋ ባለጉዳዩ የትኛው ነው?» ቢሉ ማንም እጁን አላነሣም። «ጥሩ ነው! ሁለት ሐኪም ተገናኝቷል፤ በሽተኛ ብቻ ነው የጠፋው» አሏቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍሉ በሙሉ «እህ ባዮቹ» ይላቸው ጀመር።

እህ ባዮቹ ጎን ለጎን መቀመጥ ለመዱ። በእረፍት ሰዓት ኮሪደሩ ላይ አብረው ሻይ ይጠጣሉ። እሱ ሻይ ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው፤ ግን ያማስለዋል። ለምን እንደሚያማስለው ጠይቃው አታውቅም፤ ማየቱ ብቻ ደስ ይላት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ስለ ሥራው አጫወታት። መጠጥ ትቶ ከማእከሉ የወጣ ሰው እንደገና ወድቆ ተመለሰ፤ ግን ከበር ላይ ቆሞ መግባት አቃተው። እሱም ወንበር ይዞ ወጣና መንገድ ላይ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ወንበሩን ለምን አወጣኸው?»

«እሱ መግባት አፈረ። እኔ ደግሞ መውጣት አላፈርኩም» አላት፣ ተራ ነገር የነገራት ይመስል።

ልቧ የከዳት ያኔ ነው። ወደደችው፤ ሌላ ስም የለውም።

ከትምህርት በኋላ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ይሸኛታል። አውቶቡሱ ሲመጣ «ይኼ ሞልቷል፣ የሚቀጥለው ይሻልሻል» ይላታል። የአውቶቡሱ ግማሽ ባዶ ነው። እሷም «እውነትህን ነው» ብላ አብራው ትቆማለች።

ትምህርቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከሩቅ ከተማ ስልክ ተደወለላት። በአውቶቡስ ሙሉ ቀን በሚያስኬድ ቦታ ያለ ሆስፒታል የሕፃናት ምክር አገልግሎት ሊከፍት ነው፤ በኃላፊነት የመረጡት እሷን ነው። ስትመኘው የኖረችው ሥራ ነበር። እሺታዋን በቶሎ እንድታሳውቃቸው ጠየቋት።

ቅዳሜ ዕለት ሻይ ላይ ነገረችው። ማማሰሉን አቆመ። «አትሂጂ» ቢላትም፣ «እኔስ?» ቢላትም ይበቃት ነበር።

«ምን ተሰማሽ?» አላት።

«ደስ ብሎኛል።»

«እህ…»

«ግን ደግሞ ከብዶኛል።»

«ደስታም አለ፣ ክብደትም አለ» አለ፤ ድምፁ ቁርጥ አሠልጣኟን። «የከበደሽ ምኑ ይሆን?»

ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«እኔ ደንበኛህ አይደለሁም!» ብላው ጥላው ሄደች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከፊት መደዳ፣ አንዲት ወሬ የምትወድ የፍርድ ቤት ሶሻል ወርከር አጠገብ ተቀመጠች። ለሻይም አልወጣችም። አንዴ ዞር ስትል ከእሱ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ ፈጥና ወደ ሰሌዳው አየች። ፊቱ ከስቷል። አንጀቷን በላት፤ ኩርፊያዋ ግን ገና አልወጣላትም።

እሑድ ከእናቷ ጋር የታጠበ አንሶላ ሲያጣጥፉ እናትየው አስተዋለቻት።

«ምን ሆነሻል?»

«ምን የሆንኩ ይመስልሻል?»

«ዛሬ አይሠራም! ጫፉን ያዥና ተናገሪ።»

ጫፉን ይዛ ተናገረች። እናቷ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና አንሶላውን እንደያዘች ቆመች።

«እስቲ ድገሚልኝ። ከብዶኛል አልሽው።»

«አዎ።»

«ምኑ ነው የከበደሽ አለሽ።»

«አዎ! ልክ እንደ ደንበኛ!»

«መልሱ ምን ነበር?»

የልጅቷ ፊት ጋለ። «እሱን… ትቼው መሄዱ።»

«እና ነገርሽው?»

«እንዴት ብዬ እማዬ!»

«ታዲያ ሰውየው ምን አጠፋ? ጥያቄውን አሳምሮ ጠይቋል። ባዶ ወረቀት ያስረከብሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ።»

«ሥራውን ልተወው ማለትሽ ነው?» አለች ልጅቷ።

«ሥራውን ማን ነካው? አፍሽን ክፈቺ ነው ያልኩሽ።»

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅዳ ወደ ማገገሚያው ሄደች። ከታካሚዎቹ ጋር ጓሮ ውስጥ ጎመን ውኃ ሲያጠጣ አገኘችው። ሲያያት የውኃውን ጎማ ረስቶት ጫማው እስኪሞላ የገዛ እግሩን አጠጣ።

«ያን ቀን ለጠየቅከኝ መልስ አለኝ» አለችው፣ ሰላም እንኳ ሳትለው። «የከበደኝ አንተን ትቼ መሄዱ ነው።»

አፉን ከፈተ። «እህ—»

«እህ እንዳትለኝ! ዛሬ አንተ ተናገር።»

የሚኮተኩቱት ሁሉ ቀና አሉ። አንድ አዛውንት ታካሚ መቆፈሪያቸውን ተደግፈው «ተናገራ! እኛን በየቀኑ ታናግረን የለ እንዴ!» አሉት።

ተናገረ። ይኼ ሁሉ ቃል ከየት መጣ እስኪባል ድረስ ተናገረ።

«‹አትሂጂ› የሚለው አፌ ላይ ነበር። ግን በእኔ የተነሣ ብትቀሪና አንድ ቀን ቢቆጭሽስ ብዬ ፈራሁ። ‹ሂጂ› ልልሽ ደግሞ አቃተኝ። ግራ ሲገባኝ የማውቀውን ጥያቄ ጠየቅሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እወድሻለሁ። ሞልቷል ያልኩሽ አውቶቡስ ሁሉ ባዶ ነበር።»

«እሱን እንኳ አይቻለሁ» አለችው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «አሁን ምንድን ነው የምትፈልገው?»

«እንድትሄጂ። እኔም እንድከተልሽ።» ጎመኑ መሐል የቆሙትን ሰዎች አያቸው። «ግን ወዲያው አልችልም። ከአዲስ ሰው ጋር ሳላላምዳቸው፣ በቅጡ ሳልሰናበታቸው…»

«እነሱን ጥለህ ብትመጣማ እኔም አላገባህም!» አለችው።

ልጅቷ ያለችው ነገር ለራሷ የገባት ከሁሉም ዘግይቶ ነበር፤ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። አዛውንቱ መቆፈሪያቸውን ጥለው አጨበጨቡ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው። እሱ ጫማው ውኃ እንደ ሞላ ቀርቦ እጆቿን ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ አወረዳቸው።

«አገባሻለሁ» አላት፣ ማንም ሳይጠይቀው።

የምትሄድበት ቀን ደረሰ። መናኸሪያው በሻንጣና በተሰናባች ተጨናንቋል። እናቷ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ሳመቻት፤ ከዚያ «እናንተ ደግሞ ተጨዋወቱ፣ እኔ ውኃ ልግዛ» ብላ ውኃ ወደማይሸጥበት በኩል ሄደች።

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሣ። ልጅቷ መስኮቱን ከፍታ አንገቷን አወጣች። እሱ ከታች ቆሞ ቀና ብሎ ያያታል፤ ጥቂት ወራት አሉ፣ ከዚያ እሱም ይመጣል። ሁለቱም ይኼን ያውቁታል።

«ናፍቀሽኛል» አላት።

ሳቀች። «ገና እኮ አልሄድኩም!»

«አውቃለሁ» አለ። «ዛሬም ለመናገር እንዳልዘገይ ብዬ ነው።»