መሃለኛው መቀመጫ

ካላመናችሁ ተዉት። የሆነው ግን ሆኗል... ያውም በጠራራ ፀሐይ!

እሁድ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። እዚሁ አውስትራሊያ፣ መሬይ ወንዝ ዳር ባለው መናፈሻ።

የምሳ ቋሊማችንን ጠረጴዛው ላይ ትተን ከታናሽ እህቴ ከናሬል ጋር ታንኳ ተከራየን። እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ። መሃለኛው መቀመጫ ባዶ ነው።

ናሬል ዋና አትችልም። እናታችን ስትሞት «አደራሽን» ያለችኝ ስለ እሷ ነው።

የባሕር ዛፎቹን ጥላ እንዳለፍን ናሬል ሳትዞር አንሾካሾከች።

«ግሌኒስ... ውሃ አትርጪብኝ።»

«እኔ?»

«አንገቴ ላይ ጠብ ጠብ ይላል እኮ!»

እኔ መቅዘፊያዬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ እያረፍኩ ነበር።

መሃለኛውን መቀመጫ አየሁት... ርሷል።

ታንኳዋም ሦስት ሰው እንደጫነች ዝቅ ብላለች።

ናሬል መቅዘፍ አቆመች። የቀዘፋው ድምፅ ግን አልቆመም።

ቸብ... ቸብ... ቸብ...

ታንኳዋ ወደ ጥልቁ መዞር ጀመረች።

«ማነው የሚቀዝፈው?»

«ዝም በይ። እንዳትዞሪ!»

የናሬል የመንሳፈፊያ ሰደርያ የጎን ማሰሪያ ቀስ እያለ ሲፈታ በዓይኔ አየሁ። የነካው እጅ ግን የለም።

ፈርቻለሁ፤ አልዋሽም። ንዴቴ ግን ፍርሃቴን በለጠው። መቅዘፊያዬን አንስቼ ባዶውን መቀመጫ ነረትኩት።

«እሷን አትነካም! ውረድ!»

ታንኳዋ ብድግ አለች... ቀለላት።

ዳር እንደደረስን ምሳችንን እንኳ ሳናነሳ መኪና ውስጥ ገባን። ሞተሩን አስነሳሁ።

ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ...

የቀበቶ ማስጠንቀቂያው ነው። እኔ አስሬያለሁ። ናሬልም አስራለች።

መብራቱ የሚያሳየው የኋላውን መሃለኛ መቀመጫ ነው።

ውረድ ስለው ወርዷል ለካ... ከታንኳዋ።

ናሬል አንገቷን ዳበሰች። እጇ ርሶ ተመለሰ።

«ውረጂ» አልኳት ቀስ ብዬ። «ሰው ወዳለበት ሂጂ።»

«አንቺስ?»

«መኪናው የኔ ነው። ለማን ብዬ ነው የምለቀው?»

ወረደች። ወዲያው በሮቹን ሁሉ ቆለፍኩ።

«አንተ ግን የትም አትሄድም» አልኩት። «እህቴን ተመኘሃት አይደል? ጠብታ ውሃ የሌለበት በረሃ ወስጄ ነው የምጥልህ። መንገዱ ረጅም ነው... ቀበቶህን እሰር!»

ጢጥታው ቀጠለ።

«እሰር አልኩህ!»

ጠቅ።

ጸጥ አለ...

በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። ቀበቶው ባዶው መቀመጫ ላይ ተወጥሮ ታስሯል... ውሃ ያንጠባጥባል።